ቀን ቀን የሚጠፋው ካሜራ

ወንድሜ አበራ አዲስ አበባ ተቀምጦ ቡታጅራ ያለውን ሱቁን እዚያ ባሰቀለው ካሜራ በስልኩ ያያል። ማየቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እያየ ይደውላል እንጂ። «ያ ሰውዬ ለምንድነው የቆመው?» «ያቺ ሽፋ ምን ያስቃታል?» «በር ላይ ያለውን ጎማ ለምን ፀሐይ ይመታዋል?» ሱቁ የባጃጅ መለዋወጫ መሸጫ ነው። ገዢ ይቆማል፣ ሻጭ ትስቃለች፣ ጎማም በር ላይ ይሰቀላል። ይህን ሁሉ ለማስረዳት የምጠራው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው የአባታችን ቤት የምኖረው እኔ ስለሆንኩ። መምህር ነኝ። ወንድሜ እንደሚያስበው ያላገባች መምህር ክረምቱን ሙሉ ስልክ ከማንሳት ሌላ ሥራ የላትም።

ሻጯን፣ ሽፋ የምትባለውን፣ የቀጠራት አባታችን ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ሲታመም ሱቁን ለእሷ ትቶ ተኛ፤ ሲሞትም ሱቁ በእሷ እጅ ነበር። አበራ አዲስ አበባ የራሱ ንግድ ስላለው ወርሶ ሄደ፣ እሷ ቀጠለች። ሾፌሮቹ ዕቃ ባይፈልጉም ሰላም ሊሏት ባጃጃቸውን ያቆማሉ። ዋጋ ስትከራከር እንኳ «ወላሂ» አትልም። «ሽፋዬ፣ አንዴ ወላሂ በይና በዚህ ዋጋ ልውሰደው» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም «ዋጋው ይኼው ነው፣ አላህን ለፍሬን ሸራ አልጠራውም» ትላለች። ቀትር ላይ በሩን ገርበብ አድርጋ ከኋላ ባለችው መጋዘን፣ በጎማና በዘይት ካርቶን መሃል ምንጣፏን ዘርግታ ትሰግዳለች፤ ምሳዋንም እዚያው ትበላለች። አባታችን እያለም እንዲሁ ነበር።

ነሐሴ ላይ አበራ ኮምፒውተር ላከ። ያገለገለ ነው፣ ግን ደህና። አንድ ወዳጁ ሊኑክስ የሚባለውን ጭኖበት «ይኼ ቫይረስ አይነካውም» ስላለው፣ ወንድሜ ዕቃው ምንም ነገር የማይነካው መስሎት ነበር። የከተማችን ኮምፒውተር ጠጋኝ አቤኔዘር መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተከለው። ገመዱን በግድግዳው አሳልፎ እኔ ሳሎን ያለው ራውተር ላይ፣ የካሜራው ገመድ ከተሰካበት ቀጥሎ ሰካው። ሽፋ ቶሎ ለመደችው። የሸጠችውን ሁሉ ታስገባለች፤ ማታ ስትዘጋ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን የመብራት ማከፋፈያ ከግድግዳው ነቅላ ትሄዳለች። «ለእሳት ምክንያት አትስጡት» የሚለው የአባታችን ትእዛዝ ነው።

ካሜራው መጥፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ማስቴ፣ ዋይፋይ አለ?» ይለኛል አበራ በስልክ።

«አለ። ይኸው በእሱ እያወራሁህ።»

«መብራትስ?»

«አለ።»

«ታዲያ ካሜራው ለምን ጠፋ?»

እኔ ምን አውቄ! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይደውላል። «መጣ። ሽፋ ኮምፒውተሩ ላይ ናት።» በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን። ዓርብ ዓርብ ሽፋ መስጊድ ስለምትሄድ መጥፋቱ ይረዝማል። በዚህ መሃል ወንድሜ ነገሩን ሲያብሰለስል ከርሞ አንድ ቀን እንደ ዐቃቤ ሕግ አስተካክሎ ነገረኝ።

«ማታ ማታ አይጠፋም። እሷ ቤቷ ስትሄድ ካሜራው ሲሠራ ያድራል። የሚጠፋው ቀን ነው፣ እሷ ስትኖር። እሱም እሰግዳለሁ ብላ በሩን ስትመልስ ነው። ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ የማየው የእሷን እጅ ነው። የጀመረውም ሂሳቡ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ሲጀምር ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የጎደለ ዕቃ እፈልጋለሁ» አልኩት። «ምን ጎደለህ?»

«ምን እንደጎደለ በምን አውቃለሁ? ካሜራው ጠፍቶ!»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። እውነት ይህን ያለው ሰው ወንድሜ ነው? ሌባው የታወቀ፣ የተሰረቀው ያልታወቀ ስርቆት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሱቁን ቆጠርን። እኔና ሽፋ ከላይ እስከ ታች፣ ከካንዴላ እስከ ጎማ ቆጠርን፤ ሁሉም ነበረ። ይህን ስነግረው ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። «እንግዲያው ብልጥ ሌባ ናት» አለኝ።

አቤኔዘርን ላከው። አቤኔዘር የካሜራውን ገመድ ቀየረ፤ በማግስቱ ጠፋ። «ራውተሩ ደክሟል» አለ፤ አበራ አዲስ ራውተር ላከ፤ ያው ጠፋ። ካሜራውን አውርዶ ጠራርጎ መልሶ ሰቀለው፤ ጠፋ። ሲመጣ ሁልጊዜ ሽፋ ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራች ያገኛታል፤ ያኔ ካሜራው ደህና ነው። ሲሄድ ይጠፋል። በመጨረሻ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ለወንድሜ በስልክ እንዲህ አለው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ «ጋሼ አበራ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። የሚነካካው ሰው ነው።»

ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ሰው ያፈረሰችው። «አላወቅኩም» ማለት ያቃተው ባለሙያ ካልተማረ ሰው በብዙ ይብሳል። አላወቅኩም ብሎ ቢሄድ ምን ይሆን ነበር? ምንም። ካሜራው ይጠፋ ነበር፣ ሽፋ ትሸጥ ነበር። አሁን ግን ወንድሜ ምስክር አገኘ፣ ያውም ባለሙያ።

አዲስ ዓመት እንዳለፈ አበራ ከአዲስ አበባ መጣና ሽማግሌ ጠራ። የአባታችን ወዳጅ የነበሩት ሐጂ አብዱልሃፊዝና ጎረቤታችን አቶ ተሰማ በረንዳችን ላይ ተቀመጡ። ሽፋ ከፊታቸው ባለች ወንበር ላይ ነጠላ ጫማዋን አጥብቃ እያየች ተቀመጠች። አበራ ክሱን ደረደረ፤ ማታ አይጠፋም፣ ቀን ይጠፋል፣ በስግደት ሰዓት፣ ባለሙያ መስክሯል። ከዚያ «ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ትማልልኝ» አለ።

በእኛ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም። በሐሰት የማለ ልጁ አይባረክለትም፣ ከብቱ አይረባለትም ይባላል። በእውነት የማለም ቢሆን መሐላው ደጁን ሳይነካ አያልፍም ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ ሐቀኛ ሆኖ ከመማል ዕዳ መክፈል የሚመርጥ ሰው አውቃለሁ። አበራ ይህን አጥቶት አይደለም። እዚሁ ነው ያደገው። እንደማትምል አውቆ ነው የጠየቃት።

«አልወሰድኩም» አለች ሽፋ። «ካሜራውንም አልነካሁም፤ የት ጋ እንደሚነካም አላውቅም። መማል ግን አልምልም። አባቴ ለእውነትም ቢሆን አትማሉ ብሎ ነው ያሳደገን።»

«አያችሁ!» አለ አበራ፣ እንዳሸነፈ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ።

«ምኑን ነው የሚያዩት?» ብዬ ተነሳሁ። «ሰባራ ብሎን አልጎደለም! የጎደለ ሳይኖር መሐላ የት አገር ነው ያለው?»

«ማስተዋል፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ ሐጂ። ተቀመጥኩ፤ እሳቸውን እምቢ አይባልም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ነገሩን ለመስቀል ዋዜማ ቀጠሩት። በእኛ ዘንድ መስቀል ቂም ተይዞ አይበላም፤ እስከዚያ ሁለቱም ልባቸውን ይመርምሩ አሉ። እስከዚያ ግን ቁልፉ ከሽፋ እጅ ይውጣ ሲል አበራ፣ ማንም አልተከራከረም። ሽፋ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ለእሱ አልሰጠችም።

እኔም ቁልፉን ተቀበልኩ። ትምህርት ገና ምዝገባ ላይ ስለነበር ሱቁን የምከፍተው እኔ ሆንኩ። ሾፌሮቹ ሲመጡ «ሽፋስ?» ይላሉ። «የለችም» እላለሁ። «አመማት?» «አላመማትም።» ከዚያ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ለካ ሁሉም ሰምተዋል። ከተማው ትንሽ ነው፤ በረንዳ ላይ የተወራ ነገር ቡና እስኪፈላ ገበያ ይደርሳል።

በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ሱቁን ገርበብ አድርጌ ምሳ ልበላ ወደ ቤት ገባሁ። እንጀራውን ሳልቆርስ ስልኬ ጮኸ።

«ካሜራው ጠፋ!» አለ አበራ።

በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። «ይኸው! ሽፋ የለችም! እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት! በል ሌባው ማነው?»

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሄዳም ተንኮሏን ትታብናለች ማለት ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ምሳውን ትቼ ራውተሩ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ስለ ኮምፒውተር የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እስካሁን ዝም ያልኩት አቤኔዘር ባለሙያ ነው በሚል ነበር። የባለሙያውን ሙያ አየነው።

የራውተሩ መብራቶች ሁልጊዜ እንደፈለጋቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። አሁን ግን በገመድ የተሰኩት ሁሉ አንድ ላይ ደርቀው ቆመዋል። ዋይፋዩ በስልኬ ይሠራል። የትምህርት ቤት ላፕቶፔን አምጥቼ በሦስተኛው ቀዳዳ በገመድ ሰካሁት፤ ምንም። ካሜራው ብቻ አይደለም እንግዲህ የጠፋው። የገመዱ ወገን በሙሉ ነው የሞተው። ካሜራው ከሟቾቹ አንዱ ነው እንጂ።

ገመዶቹን በተራ መንቀል ጀመርኩ። የካሜራውን ነቀልኩ፤ ላፕቶፑ እንደሞተ ነው። መልሼ ሰካሁት። የኮምፒውተሩን ነቀልኩ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም ብልጭ ብልጭ አሉ። ላፕቶፑ ተነሳ፣ በስልኬ ካሜራውን ብከፍት ባዶው ሱቅ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የኮምፒውተሩን መልሼ ሰካሁ፤ ሞቱ። ነቀልኩ፤ ተነሱ።

ገመዱን መልሼ ሰክቼ ሮጬ ሱቅ ገባሁ። የኮምፒውተሩ ስክሪን ጨልሟል። ማንም ካልነካው ትንሽ ቆይቶ ይተኛል፤ ሲገዛም እንዲያ ሆኖ ነው የመጣው። አንድ ቁልፍ ነካሁ፤ ነቃ። ካሜራውም ነቃ። እንግዲህ አስቡት። ሽፋ ልትሰግድ ትሄዳለች፣ ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ ካሜራው ይጠፋል። ሰግዳ፣ ምሳዋን በልታ ትመለሳለች፣ ኮምፒውተሩን ትነካለች፣ ካሜራው ይመጣል፤ ወንድሜም አዲስ አበባ ሆኖ እጇን ያያል። ማታ ማከፋፈያውን ትነቅላለች፣ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ይጠፋል፣ ካሜራው ደህና ያድራል። አበራ የደረደረው ክስ አንድም ሳይቀር እውነት ነበር። የተሳሳተው ተከሳሹን ብቻ ነው። የላከው ደግሞ ራሱ ነው፤ አስጭኖ፣ አስተክሎ፣ «ምንም አይነካውም» ብሎ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን አልገባኝም። ወልቂጤ ለምትኖረው ለጓደኛዬ ለናዝሬት ደወልኩ፤ አብረን ነው የተማርነው፣ እሷ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ነው የምትጠብቀው። ሳልጨርስ ሳቀች።

«ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ ደንብ አላቸው» አለችኝ። «አንዱ ብዙ ሲላክበት ሌላውን 'ቆይ፣ የጎረስኩትን ልዋጥ' ይለዋል። ሌላው ይቆማል። ያንቺው ሲተኛ የኔትወርክ ካርዱ አብሮት አይተኛም፤ ግማሽ ነቅቶ 'ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ' ማለቱን ይቀጥላል። ራውተሩ ደግሞ ርካሽ ከሆነ ለአንዱ ቆይ ብሎ የገመዱን ሰፈር በሙሉ ያስቆማል። ዋይፋዩ ሌላ መንገድ ስላለው አይነካውም።»

«እና ራውተሩ 'ምን ሆነህ ነው' ብሎ አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይታዘዛል።»

ወንድሜን አውቃለሁና ገባኝ። እሱ ከሩቅ ሆኖ አንድ ነገር ሲል ስንቱ ነው የሚቆመው!

ናዝሬት እየነገረችኝ እኔ እየጻፍኩ፣ ያንን የ«ቆይ» መልእክት የሚዘጋ አንዲት መስመር ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ሰጠሁ። ሲጠፋና ሲበራም እንዳይረሳው አደረግን። ከዚያ ሆን ብዬ እንዲተኛ ተውኩት። ስክሪኑ ጨለመ። ራውተሩ ላይ መብራቶቹ መጫወታቸውን ቀጠሉ፣ ካሜራውም ሱቁን ማሳየቱን ቀጠለ። በማግስቱ ቀትርም፣ ከዚያ በኋላም አልጠፋም። አንዲት መስመር! ሻይ ለማፍላት እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለዚህች መስመር ነው ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይማል የተባለው። ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነው።

ለአበራ ነገርኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቀስ ብዬ፣ ተማሪ እንደማስረዳ።

«ኧረ!» አለ። «ወይ ጉድ! እሺ፣ ደህና። እንግዲህ ሽፋ ከነገ ጀምሮ ትክፈት በያት።»

«ይኼው ነው?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ሽማግሌ ሰብስበህ ሌባ ካልካት በኋላ በእኔ በኩል ትክፈት በያት?»

«አታጋኚው ማስቴ። እኔን ያሳሳተኝ ዕቃው ነው።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ዕቃው ነው አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ብናገረው ወንድምነታችን ያን ዕለት ያበቃ ነበር፤ ስልኩን ዘጋሁትና ወደ ሽፋ ቤት ሄድኩ።

ሽፋ በረንዳዋ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ያገኘሁትን ነገርኳት። የምትዘል መስሎኝ ነበር። ጎመኑን መቀንጠሷን አላቆመችም።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እኔማ እንዳልነካሁት አውቅ ነበር ቲቸር። ለእኔ ምንም አዲስ ነገር አልነገርሽኝም።»

«አሁን ግን ሁሉም ያውቃል።»

«ማነው ሁሉም?» ቀና ብላ አየችኝ። «እሑድ ሰርግ ሄጄ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ማዶ አዞረችው። ደግ ሴት ናት፣ አውቃታለሁ፤ እንዳላይባት ቀስ ብላ ነው ያዞረችው። ለእሷ ኮምፒውተር ምን ብለሽ ታስረጂልኛለሽ?»

አሁንም ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሽፋ ስም ግን እሷ በሕይወት እያለች ቦርሳ ከአጠገቡ የሚሸሽለት ነገር ሆነ።

የመስቀል ዋዜማ ደረሰ። አበራ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ቅቤና ሥጋ አስጭኖ ገባ። ከተማው ከአዲስ አበባ በመጡ መኪኖች ተጨናንቋል፤ በየግቢው ቢላ ይሳላል። ሽማግሌዎቹ ያው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ሽፋም ያቺው ወንበር ላይ። አበራ ቶሎ ጨርሶ ወደ ሥጋው መሄድ ፈልጎ ገና ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ነገሩ ተጣርቷል። የኮምፒውተር ችግር ነው። እኔን ያሳሳተኝ ኮምፒውተሩ ስለሆነ፣ ሽፋም ይቅር ብላ ወደ ሥራዋ ትመለስ።»

ሐጂ አብዱልሃፊዝ በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው አዳመጡት።

«አበራ ልጄ» አሉ። «ኮምፒውተሩ ሽፋ ሌባ ናት አለህ?»

«አይ... አላለም። ካሜራውን አጠፋው እንጂ።»

«ካሜራውስ ሌባ ናት አለህ?»

«እሱም... ጠፋ።»

«ሁለቱም ካልተናገሩ ታዲያ ሌባ ያላት ማነው?»

አበራ እኔን አየ። ምን ያየኛል? አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በል እንጂ፣ ሽማግሌ ጠይቆሃል» አሉት።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። ተነስቶ ጎንበስ አለ። «ሽፋ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ልቤ ትንሽ ለስለስ ብሎ ነበር። ወንድሜ ለማንም ጎንበስ ሲል አይቼው አላውቅም።

«አፉ ብዬሃለሁ ጋሼ» አለች ሽፋ። «ለአላህ ብዬ፣ ለሽማግሌዎቹም ብዬ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። አበራ ፊቱ በራ፤ ቁልፉን ከእኔ ተቀብሎ ወደ እሷ ዘረጋ። ሽፋ እጇን አላነሳችም።

«ቁልፉን ግን አሁን አልወስድም።»

«ለምን? አፉ አልሽ አይደል?»

«አፉ ያልኩት በልቤ የያዝኩትን ነው። ውጭ ያለውን እኔ አፉ ልለው አልችልም።» ድምፅዋ አልጨመረም። «ጋሼ፣ እዚህ በረንዳ ላይ አራት ሰው ነው ይቅርታህን የሰማው። ሌባ መባሌን የሰማው ግን ከተማው ነው። ሾፌሩ፣ ጎረቤቱ፣ ሰርግ ቤቱ። ስለዚህ ሱቁን አንተ ክፈት። ባንኮኒው ላይ ተቀመጥ። የሚመጣው ሁሉ 'ሽፋስ?' ይላል። ለሚጠይቅህ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ፣ አንተው በአፍህ ንገረው። የሚጠይቅ ሲጠፋ እኔ መጥቼ ቁልፉን እወስዳለሁ።»

አበራ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ሐጂን አየ፤ ሐጂ አልሳቁም።

«እኔ አዲስ አበባ ሥራ አለኝ!» አለ።

«እሷም ሥራ ነበራት» አሉ ሐጂ። አቶ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በእነሱ በኩል ነገሩ አለቀ። ሽማግሌ የተቀበለውን ነገር ለመስቀል ዋዜማ እምቢ ብሎ ሥጋ መብላት አይቻልም፣ ወንድሜም ይህን ያውቃል።

በዓሉ አልፎ ሰው ከገጠር መመለስ ሲጀምር አበራ ሱቁን ከፈተ። ሚስቱንና ልጆቹን በአውቶቡስ ሸኝቶ፣ ባንኮኒው ጀርባ ባለው በርጩማ ላይ፣ በካሜራው ሥር ተቀመጠ። እኔ በር ላይ ጎማ የምደረድር መስዬ ቆምኩ። እንዳያመልጥ ነው እንጂ ጎማው ተደርድሮ ነበር።

የመጀመሪያው መጪ ባዩ የሚባለው ሾፌር ነው፣ ሽፋን በጣም ከሚወዷት አንዱ። አንገቱን አስገብቶ ዕቃም ሳይጠይቅ «ሽፋስ?» አለ።

አበራ ወረቀት አገላበጠ። «እረፍት ላይ ናት» አለ።

ባዩ «እሺ» ብሎ ዞረ። በእናታችን ሆድ ሳለሁ ያወቅሁት ያህል የማውቀው ወንድሜ፣ በሽማግሌ ፊት ጎንበስ ያለው፣ ሥጋውን የበላው ሰው፣ «እረፍት ላይ ናት» ይላል! ወጥቼ ባዩን የባጃጁ መሪ ላይ ሳይደርስ እጁን ያዝኩት።

«ባዩ፣ ተመለስ። ጥያቄህ አልተመለሰም።»

«ተመለሰ እኮ ቲቸር...»

«አልተመለሰም። ግባ።»

አስገባሁትና ባንኮኒው ፊት አቆምኩት። «እንደገና ጠይቅ» አልኩት። ባዩ እኔንም ወንድሜንም እያየ፣ ነገሩ ግራ ገብቶት፣ ቀስ ብሎ «ሽፋስ?» አለ። ከኋላው ሌሎች ሁለት ሾፌሮች ምን እንደተፈጠረ ሊያዩ ገቡ፤ አንዲት የጎረቤት ሴትም በሩ ላይ ቆመች።

አበራ አፉን ከፈተ። «ኮምፒውተሩ...» አለና እኔን አየኝ። አላሳለፍኩትም። ላቡ ከግንባሩ ወረደ። ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ሌባ ብያት ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «በሽማግሌ ፊት ትማልልኝ ብያለሁ። ቁልፍ አስረክቢ ብያታለሁ። አልሰረቀችም። ምንም አልጎደለም፤ ያኔም አልጎደለም ነበር። ውሸቴን ነው።»

ባዩ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አጠለቀ። «እኛማ ድሮም አላመንንም» አለ፤ እሱም ዋሸ፣ አምኖ ነበር፣ ፊቱ ይናገራል። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ግን ወሬውን ይዛ መሄዷን አየሁ፣ ረጅም ርምጃ ነው የምትራመደው።

ሁሉም ወጡ። ወንድሜ ግንባሩን በእጁ ጠርጎ በሩ ላይ የሚያልፉትን ባጃጆች አየ።

«ማስቴ» አለኝ፣ ድምፁ ደክሞ። «በዚህ ከተማ ስንት ባጃጅ አለ?»

«ገና ጠዋት ነው» አልኩት።